ጥፋቱ የሌላ ሰው ሆኖ የመኪናዎ መድን አረቦን እንዳይጨምር እንዴት ማድረግ ይቻላል

ቆመው ሳለ ከኋላ ተገጩ እንበል። ትራፊክ ፖሊሱ ጥፋቱ የገጨው ሰው መሆኑን ጻፈ፣ መድን ድርጅትዎም መኪናውን አሠራልዎ። ነገሩ አለቀ ብለው ተቀመጡ። ከወራት በኋላ ውል ሊያድሱ ሲሄዱ ግን የሚከፍሉት አረቦን ጨምሮ ይጠብቅዎታል። ይህ በጅማ ብዙ አሽከርካሪ የደረሰበት ነገር ነው፤ ብዙዎቹም ተናደው ይከፍላሉ እንጂ ለምን እንደጨመረ አይጠይቁም። መጠየቅ ይገባል፤ ብዙ ጊዜ ማስቀረትም ይቻላል።

ሙሉ ሽፋን ባለው፣ ማለትም የራስዎን መኪና ጉዳት ጭምር በሚሸፍን ውል አረቦኑ የሚሰላው ከመኪናው ዋጋ ላይ በመቶኛ ነው። በዓመቱ ውስጥ ካሳ ያልጠየቀ ደንበኛ ደግሞ ቅናሽ ያገኛል። በእድሳት ቀን ሠራተኛው የሚያየው በውሉ ላይ ገንዘብ ወጥቷል ወይስ አልወጣም የሚለውን ነው። ማን እንዳጠፋ የሚናገረው ወረቀት ሌላ ጠረጴዛ ላይ፣ አንዳንዴም ሌላ ከተማ ባለ ዋና መሥሪያ ቤት ተቀምጧል። ስለዚህ ሁለት ሥራ አለብዎት፦ ጥፋቱ የእርስዎ አለመሆኑን በጽሑፍ ማስያዝ፣ ከዚያም የወጣው ገንዘብ ከጥፋተኛው ወገን ተመልሶ በእርስዎ ፋይል ላይ መመዝገቡን መከታተል። ሰው ሁሉ የመጀመሪያውን ሠርቶ ሁለተኛውን ይተወዋል።

አደጋው ቦታ ላይ

የተጎዳ ሰው ካለ ከሁሉም በፊት እርሱ ይታከም። ከዚያ ትራፊክ ፖሊስ ይጥሩና ፕላን (የአደጋው ቦታ ንድፍ) እስኪነሳ መኪናውን አያንቀሳቅሱ። በገበያ ቀን በጅማ መርካቶ አካባቢ መንገድ ሲዘጋ ከኋላ ያለው ሁሉ ጥሩምባ እየነፋ "ጥግ ያዙ" ይላል፤ ይታገሡ። እንዲያነሱ ከተገደዱ ግን አስቀድመው ፎቶ ያንሱ።

ፎቶው የተጎዳውን ፓራውልት ብቻ ማሳየት የለበትም። ከሩቅ ሆነው ሁለቱም መኪኖች ከመንገዱ ጠርዝና ከመስመሩ ጋር አብረው የሚታዩበትን አንድ ያንሱ። ከዚያ ቀርበው ጎማዎቹ የዞሩበትን አቅጣጫ፣ አስፋልቱ ላይ የቀረውን የፍሬን ምልክትና የመብራት ስባሪ ያንሱ። የፍሬቻ ስባሪ በየትኛው ረድፍ እንደወደቀ ግጭቱ የተፈጠረው በማን መስመር እንደሆነ ይናገራል። ጅማ ዓመቱን አብዛኛውን ዝናብ የማያጣት ከተማ ናት፤ ትራፊክ ፖሊሱ እስኪደርስ አንድ ዶፍ ከወረደ ስባሪውም ምልክቱም በጎርፍ ይሄዳል። የሌላውን መኪና ሰሌዳ፣ የአሽከርካሪውን መንጃ ፈቃድና ሊብሬ፣ መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን የሦስተኛ ወገን መድን (በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚከፍለው) ምልክትም ያንሱ።

"እንስማማ" ሲባል

እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ መናገር እፈልጋለሁ። የገጨዎት ሰው የባጃጅ አሽከርካሪ ሊሆን ይችላል፤ ባጃጁ የሌላ ሰው፣ የዕለት ገቢው ትንሽ። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ "በሰላም ጨርሱ" ይባላል። መታረቅ መልካም ነው፣ ማዘንም ተገቢ ነው፤ ወረቀት መፈረም ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ጎረቤቴ ሻይ ቤት ውስጥ "ከእንግዲህ ከእርሱ የምጠይቀው ነገር የለኝም" የሚል ወረቀት ፈርሞ ወደ መድን ድርጅቱ ሄደ። ድርጅቱም ካሳውን ለመክፈል አልፈቀደም።

ለዚህም የሕግ መሠረት ነበረው። በንግድ ሕጉ አንቀጽ 683 መሠረት መድን ሰጪው ካሳ ከከፈለ በኋላ በእርስዎ ቦታ ተተክቶ ጥፋተኛውን ይጠይቃል፤ የመዳረግ መብት የሚባለው ይህ ነው። እርስዎ መብትዎን በፊርማ ከተዉ ድርጅቱ የሚተካበት ቦታ አይኖርም፣ የከፈለውንም ማስመለስ አይችልም። ስለዚህ ይጨባበጡ፣ ይሳሳሙ፤ ድርጅትዎ ሳያውቅ ግን አይፈርሙ።

ሪፖርቱን ያንብቡ

የብዙ ሰው ጉዳይ የሚበላሸው እዚህ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2084 ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ሁለቱም ለአደጋው እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይገምታል፤ ጉዳቱንም ለሁለት ያካፍላል። ግምቱ የሚፈርሰው አደጋው በሙሉ ወይም በአብዛኛው በአንደኛው አሽከርካሪ ጥፋት መድረሱ ከተረጋገጠ ነው። ይህም ማለት "እኔ አላጠፋሁም" የሚለው አባባል ብቻውን ግማሽ ዕዳ ይዞብዎት ይመጣል። ማስረጃ የሚያስፈልገው እውነት ይዞ ለመጣው ሰው ጭምር ነው።

ስለዚህ የፕላኑንና የትራፊክ ፖሊሱን ሪፖርት ቅጂ እንደወሰዱ እዚያው ቁጭ ብለው ይመልከቱት። የመኪናዎ አቅጣጫ በትክክል ተስሏል? ቆመው ከነበረ "ቆሞ የነበረ" ይላል ወይስ "በመጓዝ ላይ የነበረ"? የጥፋቱ ምክንያት፣ ለምሳሌ ርቀት አለመጠበቅ ወይም ቅድሚያ አለመስጠት፣ በግልጽ ተጽፏል? የኦሮሚያ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ በመሆኑ ሪፖርቱ በዚያው ቋንቋ ሊጻፍልዎ ይችላል። ቋንቋውን አጥርተው የማያነቡ ከሆነ በሚገባ የሚያነብ ሰው ቃል በቃል ይንገርዎ፤ "ዋናው ሐሳብ ይኸው ነው" በሚል ማብራሪያ አይርኩ። ፋይሉ ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ከሆነም ትርጉም ያስፈልግ እንደሆነ ቅርንጫፉን በዚያው ቀን ይጠይቁ። ስህተት ካዩ መኪኖቹ ሳይጠገኑና ምስክሮች ሳይበተኑ እርማት ይጠይቁ። ምስክር ሲባል የግድ ተሳፋሪ አይደለም፤ መንገድ ዳር ያለው ባለሱቅ ሁሉን አይቷል፣ ነገም እዚያው ይገኛል።

በየትኛው መድን ልጠይቅ?

ለመድን ድርጅትዎ አደጋውን በዚያው ቀን ያስታውቁ። ማስታወቅና ካሳ መጠየቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በማመልከቻው ላይም "ለማሳወቅ ብቻ" ብለው መጻፍ ይችላሉ። ከዚያ ሁለት መንገድ አለ።

አንደኛው ከጥፋተኛው የሦስተኛ ወገን መድን መጠየቅ ነው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ማንኛውም ተሽከርካሪ ይህን ሽፋን ሳይዝ መንገድ ላይ መውጣት አይችልም። በዚህ መንገድ ከሄዱ ከራስዎ ውል ላይ ምንም ብር አይወጣም፣ ቅናሽዎም ሳይነካ ይቆያል። ችግሩ ለንብረት ጉዳት የሚከፈለው ጣሪያ ያለው መሆኑ ነው፤ አዋጁ በ2005 ሲወጣ ጣሪያው 100,000 ብር ነበር፤ የዛሬን የመለዋወጫ ዋጋ ለሚያውቅ ሰው ያ ብዙ አያስኬድም። የተሰባበረ ፍሬቻና የታጠፈ ፓራፋንጎ ግን ይሸፍናል፤ ለቀላል ጉዳት እኔ ሁልጊዜ የምመክረው ይህንን ነው።

ሁለተኛው ከራስዎ ሙሉ ሽፋን ማሠራት ነው። ጉዳቱ ከባድ ከሆነ ወይም በመኪናው እንጀራ የሚበሉ ከሆነ ይሻላል፣ ቶሎ ያልቃልና። ነገር ግን ከካሳው ላይ የራስዎ ድርሻ፣ ማለትም በውሉ መሠረት እርስዎ የሚሸፍኑት መጠን፣ ይቀነሳል፣ ቅናሹም አደጋ ላይ ይወድቃል። ወደ ጋራዥ ከመሄድዎ በፊት ሁለቱን በወረቀት ያስሉ። የጥገናው ግምት ከሚያጡት ቅናሽና ከራስዎ ድርሻ ድምር ካልበለጠ በራስዎ ውል መጠየቅ ኪሳራ ነው።

ፕሮፎርማ መሰብሰብና ጋራዥ መምረጥ ሁሉም የሚያውቀው ነው። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ ግን ድርጅቱ ሳያየው አይጣሉት።

የተመለሰውን ገንዘብ መከታተል

በራስዎ ውል ካሠሩ እውነተኛው ሥራ የሚጀምረው መኪናው ከጋራዥ ሲወጣ ነው። ድርጅቱ ከጥፋተኛው ወገን እንዲያስመልስ የሚጠይቅ ደብዳቤ ይጻፉ፤ የሪፖርቱን ቅጂ ያያይዙ፣ በእርስዎ እጅ የሚቀረው ቅጂ ላይ የገቢ ማኅተም ያስመቱ። በዚያው ደብዳቤ ከካሳው የተቀነሰብዎ የራስዎ ድርሻም አብሮ እንዲጠየቅልዎ ያሳስቡ። በቃል "እንከታተላለን" ቢሉዎት አይበቃም፤ የሠራተኞቹን መልካም ፈቃድ ስለምጠራጠር አይደለም፣ ሠራተኛ ስለሚቀያየርና ፋይል ስለሚዘዋወር ነው። የውል ማብቂያ ቀንዎ ሳይደርስ ወር ሲቀረው ተመልሰው "ከሌላኛው ድርጅት ገንዘቡ ተመልሷል ወይ?" ብለው ይጠይቁ። ተመልሶ ከሆነ ይህንኑ የሚገልጽ ደብዳቤ ወስደው ለእድሳት ክፍሉ ራስዎ ያድርሱ።

በእድሳት ቀን

ጠቅላላውን ድምር ብቻ አይመልከቱ፤ ስሌቱን በጽሑፍ ይጠይቁ። ለምሳሌ መኪናው 1,500,000 ብር ተገምቶ በ2 በመቶ ቢሰላ 30,000 ብር ነው፤ 30 በመቶ ቅናሽ ካለዎት 21,000 ብር ይከፍላሉ። በሚቀጥለው ዓመት ግምቱ 1,800,000 ቢሆንና ቅናሹ ቢነሳ 36,000 ብር ይመጣል። ጭማሪው 15,000 ብር ነው፤ ግን 4,200 ብሩ የመኪናው ዋጋ ስለጨመረ አደጋው ባይደርስም የሚከፍሉት ነበር። ከአደጋው ጋር የተያያዘው 10,800 ብር ነው፤ መከራከር ያለብዎትም ስለዚህ ነው። ለማሳነስ ብለው የመኪናውን ግምት ዝቅ እንዳያስደርጉ፤ ነገ ጉዳት ሲደርስ ካሳውም በዚያው ልክ ይቀነሳል።

ገንዘቡ ገና ካልተመለሰ ቅናሹ በተመለሰ ጊዜ እንዲታሰብልዎ የሚል ቃል በጽሑፍ ይውሰዱ። እምቢ ካሉ ከሌላ ድርጅት ዋጋ ይጠይቁ፤ ሲሄዱ የካሳ ታሪክዎን የሚገልጽ ደብዳቤ ከሪፖርቱ ቅጂ ጋር ይያዙ። የመድን ድርጅቶችን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ስለሆነ በቅርንጫፍና በዋና መሥሪያ ቤት መልስ ያጡበትን አቤቱታ በጽሑፍ ለእርሱ ማቅረብ ይችላሉ። ጥፋተኛውን በፍርድ ቤት ለመክሰስ ያለው ጊዜ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ነው፤ ድርጅቶቹ ሲጻጻፉ ያ ጊዜ እንዳያልፍ ቀኑን በደብዳቤዎ ላይ ያስፍሩት።