ከፎም የሚሠራ ጥሩር፦ ጀማሪ ከክንድ ቢጀምር ይሻለዋል

ለኮስፕሌይ (የፊልም ወይም የጌም ገጸ ባሕርይ መስሎ ለመልበስ) ጥሩር ለመሥራት የሚነሣ ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ ደረቱን፣ ትከሻውንና የራስ ቁሩን ባንድ ላይ ይጀምርና ፎሙን ቆራርጦ መሀል መንገድ ላይ ይተወዋል። የሚያዋጣው አንድ የክንድ መሸፈኛ ከወረቀት እስከ ቀለም ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ነው። ልኬት፣ ቆረጣ፣ ማሞቅ፣ ማጣበቅና ቅብ ሁሉም በዚያች ትንሽ ሥራ ውስጥ አሉ፤ ብትበላሽም የሚባክነው ትንሽ ፎም ነው።

ፎሙና መሣሪያው

የሚፈለገው ኢቪኤ የሚባለው ፎም ነው፤ የፍራሽ ስፖንጅ አይሆንም። ለልጆች መጫወቻ የሚነጠፈው፣ ጠርዙ እርስ በርስ የሚገጣጠመው የወለል ምንጣፍ በአብዛኛው ከዚህ የተሠራ ነው፤ የስፖርት ጫማ ሶል ውስጥ ያለው ለስላሳ ንብርብርም እንዲሁ። አንዱ የምንጣፍ ቁራጭ ብዙ ጊዜ 60 በ60 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ውፍረቱ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ለደረት፣ ለጀርባና ለትከሻ ይስማማል። ለክንድ 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር፣ ላዩ ላይ ለሚለጠፍ ጌጥ ደግሞ 2 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ስትገዙ በአውራ ጣት ጫን ብላችሁ ልቀቁት። ጉድጓዱ ቶሎ ካልሞላ ፎሙ ልል ነው፤ ቀለም ሲነካው ቀዳዳዎቹ ሁሉ ይታያሉ። የዮጋ ምንጣፍ ግን ተዉት፤ ብዙው ፒቪሲ ነው፣ ሲግል የሚወጣውም ጭስ መርዛማ ነው።

ለሙሉ ስብስብ፣ ማለትም ለደረት፣ ለጀርባ፣ ለሁለት ትከሻና ለሁለት ክንድ፣ 6 የምንጣፍ ቁራጭ፣ አንድ ሰፋ ያለ የ5 ሚሊ ሜትር ፎምና ግማሽ ሊትር ያህል ማስቲሽ አዘጋጁ። ማስቲሽ የምንለው ጫማ ሰሪዎች ሶል የሚለጥፉበትን ነው። ከዚያ ከተርና ብዙ ትርፍ ምላጭ፣ ሂት ጋን (በጣም የጋለ አየር የሚነፋ መሣሪያ)፣ የብርጭቆ ወረቀት። የፀጉር ማድረቂያ ሂት ጋንን አይተካም፤ ሙቀቱ አይደርስም።

ጭምብልን በተመለከተ አንድ ነገር ይታወቅ፦ ተራው የሕክምና ጭምብል የማስቲሽን ሽታ አያግድም። ለማስቲሽና ለስፕሬይ የኬሚካል ጋዝ የሚያጣራ ካርትሪጅ ያለው ጭምብል ያስፈልጋል፤ ለብርጭቆ ወረቀት ሥራ የአቧራው ይበቃል። ማስቲሽ የሚቀባበት ቦታ ላይ ሂት ጋን፣ ከሰል ወይም ሲጋራ አይኑር፤ ትነቱ በእሳት ይያያዛል።

ልኬቱን ከራሳችሁ ክንድ ውሰዱ

የሌላ ሰው ንድፍ አውርዶ ማተም ይቻላል፤ ግን የሌላ ሰው ክንድ ነው። ረጅም እጅጌ ልብስ ልበሱና ክንዳችሁን የምግብ መጠቅለያ ስስ ፕላስቲክ አልብሱት። በላዩ ላይ ፕላስተር በሁለት ንብርብር ይለጥፍላችሁ፤ ለዚህ ረዳት ያስፈልጋል። ሲለጠፍ መጎተት የለበትም፤ ከተጎተተ ልኬቱ ይጠብባል። አሁን ጥሩሩን በማርከር ሣሉበት፦ የት እንደሚጀምር፣ የት እንደሚያልቅ፣ መጋጠሚያው የት እንደሚውል። መጋጠሚያውን እያቋረጡ በየ5 ሴንቲ ሜትሩ ትንንሽ ሰረዞች አድርጉ፤ ወደ እጅ አንጓ የሚያመለክት ቀስትም ጨምሩ። ሰረዞቹን የዘለለ ሰው ሲያጣብቅ አንዱ ጠርዝ ከሌላው ረዝሞበት ይቸገራል።

ፕላስተሩን በውስጥ ክንድ በኩል ጫፉ ደነዝ በሆነ መቀስ ቅደዱና ጠረጴዛ ላይ ዘርጉት። አልተኛም ብሎ የሚነሣ ቦታ ካለ እዚያ ላይ በሦስት ማዕዘን ክፈቱት። ወደ ካርቶን ገልብጡና በካርቶኑ ሞክሩ። ጡጫችሁ የማያልፍበት ቱቦ መሥራት የተለመደ ስሕተት ነው፤ በውስጥ በኩል 3 ሴንቲ ሜትር ክፍት ትታችሁ በኋላ በላስቲክ ወይም በቬልክሮ ዝጉት።

ውፍረቱን መርሳት ደግሞ ደረት ላይ ዋጋ ያስከፍላል። 10 ሚሊ ሜትር ፎም አካልን ዙሪያውን ሲከብ የውጩ ዙሪያ ከውስጡ በ6 ሴንቲ ሜትር ግድም ይበልጣል። ልካችሁን 90 ብላችሁ 90 ከቆረጣችሁ የውስጡ ይጨማደድና ይጠብቃል። 3 ሴንቲ ሜትር ጨምሩ፤ ከሥር ለሚለበሰው ልብስም ሌላ 2 ወይም 3።

ቆረጣ

ፎሙ ላይ በእስክሪብቶ ሣሉ። ማርከር በቀለም ውስጥ ሰርጎ ይወጣል። ምንጣፉ የተጎረበጠ ገጽ ካለው ያ ወደ ውስጥ ይሁን። ግራና ቀኝ ለማግኘት ንድፉን መገልበጥ አትርሱ፤ ሁለት ቀኝ እጅ ይዞ የሚቀር ጀማሪ ብዙ ነው።

ከተሩን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙና በአንድ ጊዜ ለመበጠስ አትታገሉ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ በረጅሙ ሳቡት። ፎም ምላጭን ቶሎ ያደነዝዛል፤ የደነዘ ምላጭ ደግሞ አይቆርጥም፣ ይዘነጥላል። ጠርዙ እንደ ተበላ ዳቦ ሲሆን ጥፋቱ የእጃችሁ ሳይሆን የምላጩ ነውና ቀይሩት። ሹል ማዕዘን ካስፈለገ ሁለቱንም ጠርዝ በ45 ዲግሪ አጋድማችሁ ቁረጡ፤ ሲገጥሙ 90 ይሆናሉ።

የብረት ሳህን መጋጠሚያ የሚመስል መስመር ከፈለጋችሁ በፎሙ ውፍረት ሲሶ ያህል ብቻ ጫሩ። ሲሞቅ ራሱ ይከፈታል።

ማሞቅ

ሂት ጋኑን ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር አርቃችሁ ሳታቆሙ አንቀሳቅሱ። ላዩ ማብለጭለጭ ሲጀምር ቀዳዳዎቹ ተዘግተዋል ማለት ነው፤ በዚያው ልቀቁት። አረፋ ካወጣ ወይም ከተኮማተረ ተቃጥሏል፣ አይመለስም። ትኩስ እያለ ጓንት አድርጋችሁ በጠርሙስ ወይም በጉልበታችሁ ላይ ጠምዝዙና እስኪቀዘቅዝ ያዙት። ከተፈለገው በላይ ጠምዝዙት፤ ትንሽ ይመለሳል። ቅርጽ የሚወጣው ከማጣበቅ በፊት ነው። ማስቲሽ በሙቀት ይለሰልሳልና ተጣብቆ ያለቀውን አጥብቃችሁ ብታሞቁት ስፌቱ ይከፈታል።

ማጣበቅ

አብዛኛው ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነው፤ ምክንያቱም አንድ ብቻ ነው፦ ችኮላ። በፎም ቁራጭ ማስቲሹን ሁለቱም ጠርዝ ላይ በስሱ ቀቡ። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ጠብቁ፤ በብርድ ቀን ይረዝማል። በጣት ስትነኩት ተለጥፎ ካልመጣ ደርሷል። እርጥብ ሳለ ካገናኛችሁት ይንሸራተታል፣ በኋላም ይላቀቃል። ጠርዙ ማስቲሹን ከጠጣው ሁለተኛ ንብርብር ጨምሩ።

አንዴ ከተነካካ ማስተካከያ የለውም። ስለዚህ ሁለቱን ጫፎች በሰረዛቸው አገናኙ፣ ቀጥሎ መሀሉን፣ ከዚያ በመካከል ያለውን እየጨመቃችሁ ዝጉ። የቀረ ክፍተት ካለ ቀለም በሚቀበል የአክሪሊክ መሙያ ድፈኑ። ሲሊኮን ላይ ቀለም አይዝም።

የትኩስ ሙጫ ሽጉጥ ይፈጥናል፤ ለስፌት ግን አንመክረውም። ኦታኮን የሚባለው፣ ብዙዎች ኮስፕሌይ ለብሰው የሚሄዱበት የጃፓን አኒሜሽን አድናቂዎች ጉባኤ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የሚካሄደው ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ በአገሩ በጋ ነው፤ በዚያ ሙቀት መኪና ውስጥ የተተወ በትኩስ ሙጫ የተያያዘ ጥሩር ተበታትኖ ሊገኝ ይችላል። ሱፐር ግሉ ደግሞ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ለጥቃቅን ጌጥ ይሁን።

ቅብ

ተራ ስፕሬይ ባዶ ፎም ላይ ከተነፋ ይሰርጋል፣ ሲታጠፍም ይሰነጠቃል። መጀመሪያ መሸፈኛ ያስፈልጋል። ፕላስቲ ዲፕ የተባለው የጎማ ስፕሬይ ጥሩ ነው፦ ከ3 እስከ 5 ስስ ንብርብር፣ በየመሀሉ ግማሽ ሰዓት፣ ሁልጊዜ ውጭ። ካልተገኘ ቪናቪል ይሠራል፤ የመጀመሪያውን ግማሽ በግማሽ በውሃ አቅጥኑ፣ ቀጣዮቹን ሦስት ወፈር አድርጉ። ብዙ በሚታጠፍ ቦታ ግን ቪናቪል መሰንጠቁ አይቀርም።

ብረት ለማስመሰል ጥቁር አክሪሊክ ቀብታችሁ አድርቁ፤ ብርማውን በስፖንጅ ነካ ነካ አድርጉ፣ ጠርዝ ላይ አጠንክሩ። ከዚያ በውሃ የቀጠነ ጥቁርና ቡናማ ቀብታችሁ ወዲያው በጨርቅ ጥረጉ፤ ቆሻሻው ጉድጓዱ ውስጥ ይቀራል። መጨረሻ ላይ ከፊል አብለጭላጭ ቫርኒሽ። ፍጹም ደብዛዛው የብሩን ነጸብራቅ ያጠፋል።

ወደ ደረት ስትሻገሩ

ንድፉን ተቀምጣችሁም ለኩ። ከወገብ መታጠፊያ በታች የወረደ ደረት ስትቀመጡ ወደ ላይ ተገፍቶ ጉሮሮ ይይዛል። ብብቱንም እጃችሁን ፊት ለፊት እስክታጣምሩ ድረስ አስፉት። ደረትና ጀርባ ለየብቻ ተሠርተው በ2.5 ሴንቲ ሜትር የናይለን ማሰሪያና በክሊፕ በጎን ይያያዙ። የማሰሪያው ጫፍ ብቻውን ፎም ላይ ከተለጠፈ ይገነጠላል፤ ላዩን በ5 በ5 ሴንቲ ሜትር የፎም ቁራጭ ሸፍናችሁ በማስቲሽ አሽጉት። ጀርባው ሙጫ ያለው ቬልክሮ ፎም አይዝም፤ የሚሰፋውን ገዝታችሁ በማስቲሽ ለጥፉ።

ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት ሁሉንም ለብሳችሁ ደረጃ ውጡ፣ ተቀመጡ፣ መጸዳጃ ቤት ግቡ። ያለ ረዳት የማይወልቅ ከሆነ ክሊፖቹን ወደ ፊት አምጡ።