ቀይ ቀበሮንና ጭላዳን ስናወዳድር የምንሠራቸው ስህተቶች

መንዝ ጓሳ ላይ ጭላዳዎች ቁጭ ብለው ሣር ሲነጩ፣ ቀይ ቀበሮ መሃላቸው ገብቶ ቀስ እያለ ይንጎራደዳል። ግልገሎቻቸውን አይነካም፤ እነሱም አይሸሹትም። የሚፈልገው አይጥ ነው። እዚያው የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ በመንጋው መሃል ሆኖ ሲያድን 67 በመቶ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን 25 በመቶ ብቻ። ጉርብትናቸው እንዲህ ያምራል። ዝምድና ግን የላቸውም።

ስማቸውን ማመን። ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። “ቀይ ቀበሮ” ብንለውም ሳይንሳዊ ስሙ ካኒስ ሲመንሲስ ነው፤ ግራጫ ተኩላና ውሻ ካሉበት ወገን ይመደባል። ይህ የወረቀት ጉዳይ አይደለም። ለውሻ ቅርብ በመሆኑ ከውሻ ይዳቀላል። ከእረኛ ውሾች የሚመጣው የእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ ባሌ ላይ በተደጋጋሚ ፈጅቶታል። “ጭላዳ ዝንጀሮ” የሚለውም ያሳስታል። ዝንጀሮዎች ፓፒዮ ከሚባለው ወገን ናቸው፤ ጭላዳ ግን ከቴሮፒተከስ ወገን ዛሬ በሕይወት የቀረ ብቸኛው ነው።

የምደባ እርከን ማደባለቅ። የአንዱን ቤተሰብ ከሌላው ክፍለ መደብ (ብዙ ቤተሰቦችን ከሚይዘው ሰፊ እርከን) ጋር አያወዳድሩ። ሁለቱም አጥቢ ናቸው፤ ከዚያ በታች አንዱ ወደ ሥጋ በሎች፣ ሌላው ወደ ዝንጀሮና ጦጣዎች ይሄዳል። (“ሥጋ በል” የምደባ ስም ነው እንጂ የምግብ ዝርዝር አይደለም። ቀርከሃ የሚበላው ፓንዳም እዚያው ነው።)

“ብርቅዬ” ሲባል ሊጠፋ ነው ማለት። እዚህ ላይ ጥፋቱ የቃሉ ይመስለኛል። በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘውን ሁሉ ብርቅዬ እንላለን፤ ሰሚው ግን “ጥቂት የቀረ” ብሎ ይረዳዋል። ሁለቱም የእኛ ብቻ ናቸው። አዋቂ ቀይ ቀበሮ ከ500 በታች ነው፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ላይ ይኖራል። የዝርያዎችን የመጥፋት አደጋ በሚመዝነው ዓለም አቀፍ ቀይ መዝገብ “የመጥፋት አደጋ ያንዣበበበት” ተብሏል። ጭላዳ ግን በመቶዎች ሆኖ ሲሰማራ ይታያል፤ መዝገቡም “እምብዛም የማያሳስብ” ይለዋል። ሰላም ነው ማለት ግን አይደለም። እርሻው ሽቅብ እየወጣ ነው፤ ቁጥሩም እየቀነሰ።

ዓመቱን መዝለል። ቀይ ቀበሮ በዚሁ መዝገብ እ.ኤ.አ. በ1996 ከዛሬው በባሰ ደረጃ ላይ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2004 አሁን ወዳለበት ተሻሻለ። “እ.ኤ.አ.” የምትለዋን ከረሷት ነገሩ ይበላሻል፤ የእኛ 1996 አብዛኛው የሚውለው ፈረንጆቹ 2004 በሚሉት ዓመት ላይ ነው።