ሄልሜትህን አታውልቅ! የሳይንስ ልብወለድ ስንጽፍ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሰሞኑን አንድ ልብወለድ ጀመርኩ። ስሙን አልጠራውም። ስድስት ሰዎች ማንም ረግጦት የማያውቅ ፕላኔት ላይ ያርፋሉ። ገጽ 20 ላይ የባዮሎጂው ዶክተር አየሩን በዓይኑ ለካና ሄልሜቱን አወለቀ። መጽሐፉን አጠፍኩት። ማን እንደሚታመም፣ ማን ሕመሙን እንደሚደብቅ፣ ማን ብቻዋን እንደምትተርፍ ከዚያው ገባኝ። እልህ ይዞኝ ጨረስኩት። የሳትኩት የአንዱን ሰው አሟሟት ብቻ ነው።

ይህን ዓይነት ልብወለድ ስለምወድ ነው የምበሳጨው። ለመጻፍ ለምታስቡ እነዚህን ልንገራችሁ።

ለታሪኩ ሲባል ሰውን ማጃጃል

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 አፖሎ 11 ከጨረቃ ሲመለስ ጠፈርተኞቹን ሮጦ ያቀፋቸው ዘመድ አልነበረም። ጀርም ይዘው መጥተው እንደሆነስ ተብሎ ከጨረቃ ከተነሱ 21 ቀን እስኪሞላቸው ለብቻ ተለይተው ቆዩ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኒክሰን እንኳ "እንኳን ደስ ያላችሁ" ያሏቸው በመስታወት በኩል ነው። ለደረቅ ድንጋይ ይህን ያህል የተጠነቀቁ ሰዎች እያሉ፣ የእናንተ ዶክተር በማያውቀው ጫካ ውስጥ አበባ ያሸታል?

አዋቂ አይሳሳትም ማለቴ አይደለም። ይሳሳታል፣ ግን እንደ አዋቂ ነው የሚሳሳተው። እ.ኤ.አ. በ1999 የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር የተባለችውን መንኮራኩር ማርስ ደጃፍ ላይ አጣት። አንደኛው ቡድን የግፊቱን ልክ በፓውንድ አስልቶ ላከ። ሌላው በሌላ መለኪያ፣ በኒውተን ነው ብሎ ተቀበለ። በቃ! ሞኝ የለበትም። ሁሉም ሥራውን የሠራ መስሎት ነበር።

ቻሌንጀር የተባለው የናሳ መንኮራኩር ታሪክ ደግሞ ይብሳል። እ.ኤ.አ. ጥር 1986፣ ሊነሳ በዋዜማው ማታ፣ ኢንጂነሮች በዚህ ብርድ የጎማ ማሸጊያዎቹ ላይሠሩ ይችላሉና አይነሳ ብለው ተከራከሩ። አለቆቹ ይነሳ አሉ። መንኮራኩሩ በተነሳ በ73ኛው ሰከንድ አየር ላይ ተበታተነ፤ ሰባት ሰው አለቀ። ስብሰባ ላይ ተቀምጦ፣ ተናግሮ፣ ሳይሰማ የወጣ አንባቢ ሁሉ ይህን ታሪክ ያውቀዋል። እኔ እንዲህ ያለውን ጉድ እያነበብኩ ባድር ደስ ይለኛል። ሄልሜት የሚያወልቅ ዶክተር ግን ይቅርብኝ።

"እንደምታውቀው…"

ሁለት የፊዚክስ ሊቆች ሥራቸው ላይ ቆመው አንዱ ለሌላው የስበት ኃይል ምን እንደሆነ ያስረዳል። የሚኒባስ ሾፌር ለረዳቱ "እንደምታውቀው ፍሬን መኪና ያቆማል" ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ፍሬኑ እምቢ ሲል አሳዩን፤ ምን እንደሚሠራ ያኔ ይገባናል።

ርቀትን መርሳት

ጀግናው ከማርስ ላይ ሆኖ ከሚስቱ ጋር በቪዲዮ ይጨቃጨቃል። ቃል በቃል፣ ልክ ጎረቤት እንዳለች። መልእክት ከማርስ ምድር ለመድረስ ግን እንደ ፕላኔቶቹ ርቀት ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይወስዳል። ለመሄጃ ብቻ! "ትወጂኛለሽ?" ብሎ ጠይቆ አርባ ደቂቃ መጠበቅ ምን እንደሚመስል አስቡት። በካሴት ድምፅ ቀርጸው ይልኩላችሁ የነበሩ ዘመዶች ካሏችሁ ስሜቱን ታውቁታላችሁ። መልሱ ሲደርስ ጠያቂው ሌላ ሰው ሆኗል። ጸሐፊው እንቅፋት ነው ብሎ የዘለለው ነገር ነበር ዋናው ታሪክ።

ማሽኑ ሁልጊዜ ያምጻል

"ሮቦት" የሚለው ቃል ራሱ እ.ኤ.አ. በ1920 ከታተመ የቼክ ተውኔት የመጣ ነው። እዚያም ሮቦቶቹ ያምጻሉ። ከመቶ ዓመት በላይ አንድ ዓይነት አመጽ! የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ። እኔን የሚያስፈራኝ የታዘዘውን አንድም ሳያጓድል የሚፈጽም ማሽን ነው፤ ያዘዘው ሰው በደንብ ሳያስብ ካዘዘው።

ስለተመረጠው ወላጅ አልባ ልጅ ብዙ አልልም። ትንቢት ተነግሮለታል፣ ያሸንፋል። "ለካስ ሕልም ነበር" ብሎ ስለሚጨርሰውም ዝም ብል ይሻላል።

መሞከሪያ ከፈለጋችሁ፣ ከረቂቁ ሲሶውን ብቻ ለማያፍር ጓደኛ ስጡና መጨረሻውን ይንገራችሁ። ካወቀው እንደገና ጻፉት። ያልኳችሁን መጽሐፍ ለታናሽ ወንድሜ ሰጥቼው ነበር። በማግስቱ ደወለልኝ።

"ገና ገጽ 12 ላይ ነኝ" አለ። "ይሄ ዶክተር ሄልሜቱን ሊያወልቅ ነው አይደል?"