የምግብ ማስታወሻ ልትይዙ ካሰባችሁ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

የመጀመሪያው ደብተሬ ላይ እንዲህ የሚል ገጽ አለ። «ዛሬ አሞራ ገደል ሄድን። ዓሣ በላን። በጣም ይጣፍጥ ነበር።» በቃ፣ ይኸው ነው። አሞራ ገደል ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ ነው። ከማን ጋር እንደሄድኩ አልጻፍኩም። ምን ዓሣ እንደበላን አልጻፍኩም። ቀኑ እንኳ «እሁድ» ነው የሚለው። የትኛው እሁድ?

ከደብረ ብርሃን ወደ ሐዋሳ ከመጣሁ ስምንት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ቤት የበሰለውንም ውጭ የተበላውንም በየቀኑ እጽፋለሁ። አሁን አራተኛው ደብተር ላይ ነኝ፤ ትልልቅ የሂሳብ ደብተሮች ናቸው። ሰው ሲሰማ ይስቃል። «ሽሮም ይጻፋል እንዴ?» ይሉኛል። አዎ፣ ይጻፋል። አጻጻፉ ላይ ግን ብዙ ተሳስቻለሁ።

«ይጣፍጣል» ብሎ ማለፍ

ጣፋጭ፣ ቆንጆ፣ አሪፍ፣ ምርጥ። ያን ቀን ስትጽፏቸው ሁሉን ነገር የተናገራችሁ ይመስላችኋል። ከዓመት በኋላ ስታነቧቸው ግን ምንም አያስታውሷችሁም።

ዓሣ ስትሉ ቆሮሶ ነው ወይስ አምባዛ? ሙሉውን የተጠበሰ ነው፣ ለብለብ ነው ወይስ ጥሬውን በዳጣ? ቆሮሶ አጥንቱ ቢያስቸግርም ሥጋው ነጭና ለስላሳ ነው፤ ተተልትሎ ሲጠበስ ጠርዙ ኩርሽም ኩርሽም ይላል። አምባዛ ወፍራም ነው፣ ቅባት አለው፣ አፍንጫውን የሚይዝበትም ሰው አለ። ሁለቱን «ዓሣ» ብሎ መጻፍ ዶሮ ወጥንና ጥብስን «ሥጋ» እንደ ማለት ነው።

አሁን ሦስት ነገር እጽፋለሁ። አፌ ውስጥ ምን ሆነ፣ ከምን ጋር ቀረበ፣ ምን ጎደለው። ለምሳሌ፦ «ቆሮሶ ጥብስ። ጅራቱ ደርቋል፣ ሆዱ ጋ እርጥብ ነው። ዳጣው አረንጓዴ፣ ነጭ ሽንኩርት የበዛበት። ዳቦው የትናንት። ሎሚ ጠይቀን አልመጣም።» ይህን ከሁለት ዓመት በኋላ ሳነበው አፌ ውሃ ሞላ። ዳቦው የትናንት መሆኑም ትዝ አለኝ።

ሰዓቱን አለመጻፍ

ይህን ያወቅኩት በጣም ዘግይቼ ነው።

አንድ ምግብ ቤት ነበር፤ ስሙን ተዉት። እዚያ የበላሁት ዓሣ ጠረኑ ደስ አላለኝም፤ ሌሊቱን ሆዴን ሲቆርጠኝ አደረ። በማግስቱ በቀይ እስክሪብቶ «ሁለተኛ እዚህ ደጃፍ አልደርስም!» ብዬ ጻፍኩ። ከወራት በኋላ ሌላ ቤት ሄጄ ያው ቅሬታ። ከዚያም ሦስተኛ ቤት። «ሐዋሳ ዓሣ የሚሠራ ሰው ጠፋ» ማለት ጀመርኩ፤ ሐይቁ ዳር ተቀምጬ!

አንድ ቀን ሦስቱን ገጾች ጎን ለጎን ሳነብ ነገሩ ገባኝ። የአንዱ ገጽ ሰዓት አልተጻፈም፤ ግን «መብራት ጠፍቶ በሻማ በላን» ይላል። ሌላው «ከእራት በኋላ በባጃጅ ተመለስን» ይላል። ሦስተኛው ላይ እንደ አጋጣሚ «ማታ 2 ሰዓት» ብዬ ነበር። ሦስቱም ማታ ነው! ጀልባዎቹ ዓሣውን ይዘው ወደ ዳር የሚወጡት ጠዋት ነው። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የሚጣለውን አንጀት ለመቀራመት እንደ ዘበኛ ቆመው የሚጠብቁትም ጠዋት ነው። ዓሣው በደንብ በረዶ ካላገኘ፣ ወይም መብራት ሲሄድ ሲመጣ ከዋለ፣ ማታ ላይ የምታገኙት ሌላ ነገር ነው። ያን ማታ ያበሰለው ሰው እጁ ጥሩ ሊሆን ይችላል። (ይቅር ብያቸዋለሁ ማለት ግን አይደለም። የዋለ ዓሣ አይሸጥም።)

አሁን ዓሣ የምበላው ከጠዋቱ 3 እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ጥሬውን ደግሞ ትቼዋለሁ። ትል ሊኖረው እንደሚችል የማያውቅ የለም፤ ግን ከዳጣው ጋር ሲቀርብ ሰው ይረሳል። እኔም ረስቼ ነበር፤ ያስታወሰኝ ደብተሩ ነው።

ቀን ማደባለቅ

አንዱ ገጽ «3/5» ይላል። ጥር 3 ነው ወይስ በፈረንጆቹ ሜይ 3? የስልኬ ፎቶ በፈረንጅ ቀን ይቆጥራል፣ እጄ በእኛ ይጽፋል። ሁለቱን ለማገናኘት አንድ ሙሉ ቅዳሜ አጥፍቻለሁ። ሰዓቱም እንደዚያው ነው፤ ስልኩ 1 ሰዓት ሲል ምሳ ነው፣ እኔ 1 ሰዓት ስል ቁርስ ነው። አንዱን ምረጡና በእሱ ጽኑ። ወሩን ደግሞ በስሙ ጻፉት።

ጾሙንም አትርሱ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ ፋሲካ ግን በየዓመቱ ቀኑን ይቀያይራል። ስለዚህ «ሚያዝያ 10» ብቻ ካላችሁ ጾም ይሁን ፍስክ አታውቁም። ያን ቀን የበላችሁት ፓስታ ለምን ሥጋ እንዳልነበረው ትገረማላችሁ።

«ትንሽ በርበሬ»

የአማቴን ዶሮ ወጥ ለመማር ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል። የመጀመሪያው ዓመት ማስታወሻዬ «ሽንኩርት በርከት አድርጎ፣ በርበሬ በልኩ፣ ቅቤ ትንሽ» ይላል። ይህን ይዤ ሠራሁ። የወጣው ነገር መልኩ ቀይ ነበር፤ ሌላ የምለው የለኝም።

«እማዬ፣ በርበሬው ስንት ማንኪያ ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ልጄ፣ ዓይን እያለ ማንኪያ ምን ያደርጋል?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው፣ በዓይናቸው ነው የሚለኩት። እጃቸውን እያስቆሙ በማንኪያ መለካት ደግሞ ነውርም ነው፣ ወጡንም ያበላሻል። ስለዚህ ዘዴ ፈጠርኩ። እሳቸው ጓሮ ሲወጡ የበርበሬውን ዕቃ እንዳለ ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት፤ 640 ግራም። ወጡ ካለቀ በኋላ ደግሜ መዘንኩት፤ 480። እንግዲህ ያ «በልኩ» የሚሉት 160 ግራም ነው ማለት ነው። ቅቤውንም እንዲሁ። ሽንኩርቱን ገና ሳይላጥ፣ ከገበያ እንደመጣ መዘንኩት፤ ለአንዲት ዶሮ 2 ኪሎ።

ከሁሉም የጠቀመኝ ግን ግራሙ ሳይሆን ደቂቃው ነው። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ብቻውን ከአንድ ሰዓት በላይ ይንተከተካል። ቅቤው የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ በ20 ደቂቃ ቸኩዬ በርበሬ እጨምር ነበር። መከለሻው ደግሞ ሊወጣ ሲል ነው የሚነሰነሰው። ይህን ሁሉ ማንም አልነገረኝም፤ ከኋላቸው ቆሜ ሰዓት አይቼ ነው የጻፍኩት።

የከሸፈውን መደበቅ

መጀመሪያ ሐዋሳ ስመጣ እንጀራዬ ተበላሸ። ዓይን የለውም፣ ይኮመጥጣል፣ ከምጣዱ ሲነሳ ይቆራረጣል። አፈርኩ። ደብተሬ ላይ «እንጀራ ጋገርኩ» ብቻ ብዬ አለፍኩ፤ ማንም በማያየው ደብተር ላይ እንኳ ዋሸሁ።

በኋላ ነው እውነቱን መጻፍ የጀመርኩት። መቼ እንዳቦካሁ፣ እርሾው ስንት እንደሆነ፣ አብሲቱን መቼ እንደጣልኩ፣ ቀኑ ሞቃት ነበር ወይስ ዝናብ። በሦስተኛው ወር ምስጢሩ ተገኘ። እናቴ ደብረ ብርሃን ብርድ ላይ ሦስት ቀን ታቦካለች፤ እኔም እዚህ ሙቀት ላይ ሦስት ቀን። ሊጡ እዚህ በሁለት ቀን ይደርሳል፤ የካቲትና መጋቢት ላይ ከዚያም ይፈጥናል። ለወራት ጤፍ ነጋዴውን ስወቅስ ነበር። ምስኪን።

የሰውን ምግብ በራስ ስም መጥራት

ጎረቤቴ ሲዳማ ናት። ለፍቼ ጨምበላላ፣ ለዘመን መለወጫቸው፣ ቤቷ ጠራችን። ትልቁ ሻፌታ (የምግብ ሳህኑ) መሐል ቀርቦ ሁሉም ከዚያው ይበላል። እኔ ማታ ቤት ገብቼ «ቆጮ በቅቤ በላን» ብዬ ጻፍኩ።

በሚቀጥለው ዓመት ስነግራት ሳቀች። «ቡርሳሜ ነው እኮ!» ከእንሰት፣ ከቅቤና ከወተት የሚሠራ የበዓል ምግብ ነው፤ ቆጮ በቅቤ ማለት አይገልጸውም። ፍቼ ጨምበላላ በ2015 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በዩኔስኮ የተመዘገበ በዓል ነው፤ ቀኑን የሚቆርጡት ከዋክብትን የሚያዩ አዋቂዎች ናቸው። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። የቀረበልኝን ምግብ ስሙን ግን አልጠየቅኩም። አሁን ሰው ቤት ስበላ መጀመሪያ ስሙን እጠይቃለሁ፣ ከዚያ ሰው ሲጠራው እንደሰማሁት እጽፋለሁ። ካልሰማሁ አስደግማለሁ። ማንም ተቆጥቶኝ አያውቅም፤ እንዲያውም ሦስት ሰው ተሰብስቦ «አይ፣ እኛ ቤት እንዲህ ነው የሚሠራው» ብሎ ይከራከርልኛል።

በዓል በዓሉን ብቻ መጻፍ

ደብተሩ ገናና ፋሲካ ብቻ ከሆነ፣ የልጅ ልጅ ቢያነበው በየቀኑ ዶሮ የምንበላ ይመስለዋል። የማክሰኞውን ሽሮም ጻፉ። የተረፈውን ፍርፍርም።

ደረሰኝ መለጠፍና ዋጋ አለመጻፍ

ሁለተኛው ደብተሬ በደረሰኝ ተሞልቷል። ዛሬ ስገልጠው ሁሉም ነጭ ወረቀት ነው። የካሽ ሬጂስተር ደረሰኝ በሙቀት የሚታተም ስለሆነ ይደበዝዛል፤ ሙቀት ያለበት ቦታ ከተቀመጠማ ይብሳል። ሙጫም አይወድም። ዋጋውን ያኔውኑ በእስክሪብቶ ገልብጡት።

ስትገለብጡ ደግሞ 15 በመቶው ቫት ውስጡ እንዳለ ወይም እንደተጨመረበት፣ ሰርቪስ ቻርጅ ካለም ጻፉ። አለበለዚያ ሜኑው ላይ ካለው ዋጋ ጋር አይገጥምም። ጥብስ ከሆነ በኪሎ ነው ወይስ በሸክላ? ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ እኛ ቤት «ያኔ ስንት ነበር?» የሚል ክርክር አይጠፋም። ባለቤቴ ሁልጊዜ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያስታውሰው። ደብተሩ ሲወጣ ዝም ይላል።

ስልኩ ቀድሞ ሲበላ

ክትፎ ፎቶ እስኪነሳ አይጠብቅም። አንድ ፎቶ፣ ከዚያ እጅ ወደ ገበታው።

አልጋ ላይ መጻፍ

ማታ ሲጻፍ ምሳ ይረሳል፤ ሳምንት ከቆየማ የሚጻፈው ግምት ነው። እኔ የምጽፈው በአቦልና በቶና መሐል ነው። ቡናው እየፈላ አምስት ደቂቃ አይጠፋም። ውጭ ከሆንኩ ሁለት ቃል ስልኬ ላይ እጭራለሁ፣ ቤት ስገባ እገለብጣለሁ።

ደብተሩን የትም መጣል

ይሄኛው የአምናው ነው። የፋሲካ ማግስት አማቴ ደብተሩን ቡፌው ላይ አገኙት። ማንበብ ስለማይችሉ ልጄን ጠሩና «እስቲ ይሄ ምን ይላል?» አሏት። ሁለተኛ ክፍል ናት፣ ፊደል እየቆጠረች ጮክ ብላ ታነባለች። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ እሰማለሁ።

«የእማዬ… ዶሮ ወጥ… ጨው… በዝቷል።»

ሳሎኑ ጸጥ አለ። ልጅቷ ቀጠለች። «በርበሬ 160 ግራም… እሳቸው… ጓሮ ሲወጡ… መዘንኩ።»

ወጥቼ ልሩጥ ወይስ ልግባና ይቅርታ ልበል እያልኩ ሳስብ ሳቃቸውን ሰማሁ። ከዚያ «እርሳስሽን አምጪ» አሏት። «ጻፊ። ያን ቀን እኔ ገብርኤል ነበርኩ። ድስቱን የጠበቀችው እናትሽ ናት። ጨው የደገመችውም እሷው ናት።»

ጽፋዋለች፣ በተንጋደደ ፊደል፣ ከእኔ ጽሑፍ ሥር። አልሰረዝኩትም። የዚያን ቀን ሰዓቱን ሳየው እውነታቸውን ሳይሆን አይቀርም።