ከጎጃም ፈረሰኛ እስከ ብሔራዊ የዝላይ ቡድን፦ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞችን ያየ ሰው፣ እዚህ አገር ድፍረት እንደማይጎድል ያውቃል። የፈረሰኞቹ ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ይህን ጠብቆ አቆይቷል። ከሽምጥ ግልቢያ ወደ ዓለም አቀፍ የመሰናክል ዝላይ ለመሻገር የሚቀረው ልክ ማወቅ ነው።

መሰናክልን በግምት መትከል

ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። የትልቅ ውድድር ፈረስ በደንገላሳ አንድ እርምጃው 3.6 ሜትር አካባቢ ይሆናል፤ ለማረፊያና ለመነሻ ደግሞ 1.8 ሜትር፣ 1.8 ሜትር ይያዝለታል። በሁለት ተከታታይ መሰናክሎች መካከል አንድ እርምጃ እንዲገባ ከ7.5 እስከ 8 ሜትር፣ ሁለት እንዲገባ ከ10.5 እስከ 11 ሜትር የሚተወው ለዚህ ነው። የደጋው ፈረስ ግን ቁመቱም እርምጃውም አጭር ነው። 7.5 ሜትር ሲዘረጉለት ወይ ከሩቅ ተወርውሮ አጣናውን በእግሩ ይመታል፣ ወይ ሁለት እርምጃ አጨናንቆ ከአጣናው ሥር ይነሣል። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተመታ በኋላ መሰናክል ሲያይ መቆም ይለምዳል። ያኔ «ይህ ፈረስ ፈሪ ነው» ይሉታል፤ ጥፋተኛው ግን መሰናክሉን የተከለው ሰው ነው። 6.5 ሜትር ገደማ ላይ ጀምሮ፣ አረማመዱን እያዩ በ20 ሴንቲ ሜትር ማስፋት ይሻላል።

ፈረሰኛው ራሱም ሜዳውን በእግሩ መለካት አለበት። የ90 ሴንቲ ሜትር እርምጃ ይለማመድ፤ አራቱ የትልቁ ፈረስ አንድ እርምጃ ናቸው። በሁለት መሰናክሎች መካከል 24 ቢቆጥር፣ ሁለቱን ለማረፊያ፣ ሁለቱን ለመነሻ ይተውና የቀረው 20 አምስት የፈረስ እርምጃ ይሆናል።

አጣናውን በገመድ ማሰር

የባሕር ዛፍ አጣና በየቦታው ስለሚገኝ መሥራቱ ቀላል ነው፤ ችግሩ አስሮ ማጥበቁ ነው። የማይወድቅ አጣና ፈረሱን ከነፈረሰኛው ይጥላል። ጥልቀት በሌለው መያዣ ላይ ይቀመጥ፣ ሲነካም ይውደቅ።

በየቀኑ ማዘለል

የፊት እግር ጅማት የሚጎዳው በማረፊያው ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ዝላይ ይበቃል፤ ሌላው ቀን ሶምሶማ፣ ዳገትና ክብ መዞር፣ አንዱ ቀን ደግሞ ዕረፍት። ክረምት ላይ የረጠበ ጥቁር አፈር፣ በጋ ላይ የደረቀ መሬት፣ ሁለቱም እግር ይሰብራሉ።

በሽምጥ መግባትም ከዚሁ ይቆጠራል። በትልልቅ ውድድሮች የሚጠየቀው ፍጥነት ብዙውን ጊዜ በደቂቃ ከ350 እስከ 400 ሜትር ነው። እሽቅድምድም የለመደ ፈረስ ጀርባውን ዘርግቶ ዝቅ ብሎ ስለሚሄድ፣ አጣናውን በኋላ እግሩ ይጥላል። እያንዳንዱ የወደቀ አጣና 4 የቅጣት ነጥብ ነው።

ኮርቻና ልጓም

ፊትና ኋላው ከፍ ያለ ኮርቻ የፈረሰኛውን ዳሌ ይቆልፋል፤ ለዝላይ ጠፍጠፍ ያለ ኮርቻና አጠር ያለ እርካብ ያስፈልጋል። አየር ላይ ልጓም የሚጎትት እጅ ፈረሱ አንገቱን እንዳይዘረጋ ይከለክለዋል። ግላሱ ከተጨማደደ ደግሞ ፈረሱ ይገጠባል፣ ገጣባ ፈረስ አይዘልም።

መኖና መድኃኒት

ብርታት ይሰጠዋል ብሎ ገብስ ማብዛት ሆዱን ያነፋዋል፣ ሰኮናውንም ያሳምመዋል። 300 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ በአንድ ጊዜ ከ1.5 ኪሎ በላይ እህል አይሰጥ፤ ድርቆሹ በቀን ከ4.5 ኪሎ አይነስ። ገብሱ ቢሸረከት ይሻላል።

ብዙ ሰው የማያስበው አደጋ ቡና ነው። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን በውድድር ፈረሶች የአበረታች መድኃኒት ምርመራ ስለሚከለከል፣ የቡና ገለባ ለጉዝጓዝ መጠቀም ወይም ቡና በነካ እጅ መኖ መቀላቀል ውጤት ሊያሰርዝ ይችላል። ጫት ከበረት ይራቅ። ለህመም የሚሰጠው ፌኒልቡታዞንም ያለ ሐኪም ምክር አይነካ።

የአገር ፈረስ ይዞ መሄድ

«የአፍሪካ ፈረስ በሽታ» የሚባለው ገዳይ በሽታ እንደ እኛ ካለበት አገር ፈረስን ወደ አውሮፓ ማስገባት እጅግ ከባድ ነው። የእኛ ፈረስ ፈረሰኛን ይሠራል፤ የሚወዳደረው ፈረስ ግን ከመነሻው አውሮፓ ውስጥ መያዝ አለበት። ለኦሊምፒክ ደግሞ ቢያንስ 9 ዓመት የሞላው፣ ባለቤቱም የፈረሰኛው አገር ዜጋ መሆን ይገባዋል።

ቡድኑን በአንድ ኮከብ ላይ ማቆምም አያዋጣም። አገሮች በቡድን በሚወዳደሩበት በብዙ የአገሮች ዋንጫ አራት ፈረሰኞች ሲገቡ የደካማው ውጤት ይሰረዛል፤ ከቶኪዮ ጀምሮ በኦሊምፒክ የሚገቡት ሦስት ብቻ ናቸው፣ የሦስቱም ይደመራል። ስለዚህ ሲመረጥ ከፍ ከሚዘለው ይልቅ በየዙሩ አጣና የማይጥለው ይቅደም።