«አዳነ» እና «ጠበቀ» በእንግሊዝኛ፦ ትክክለኛውን ቃል እንዴት እንደምንመርጥ

አንድ ተማሪዬ ጓደኛውን ሁለት ሰዓት ቆሞ እንደጠበቀው ሊጽፍ ፈልጎ «ፕሮቴክት» አለ። ጓደኛው ሳይመጣ የግል ዘበኛው ሆኖ አረፈው። ልጁ አልሰነፈም፤ መዝገበ ቃላት ገልጦ «ጠበቀ» በሚለው ሥር ያገኘውን ወሰደ። በአማርኛ አውቶቡስም በርም ጤናም ይጠበቃል። እንግሊዝኛ ግን አውቶቡስን «ዌይት» ብሎ ለብቻው ያስቀምጠዋል። ስለዚህ ከአማርኛው ቃል ሳይሆን ከሁኔታው እንነሣ።

መጀመሪያ አደጋው ደርሶ እንደሆነ ይጠይቁ። ከደረሰ «ሴቭ» ወይም «ረስኪው»፣ ገና ከሆነ «ፕሮቴክት» እና ዘመዶቹ ናቸው።

ደርሶ ከሆነ ቀጥሎ የሚታየው ሰውየው ካለበት መውጣት አለመውጣቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ቺሊ ውስጥ 33 ማዕድን ቆፋሪዎች 69 ቀናት ከመሬት በታች ከቆዩ በኋላ በጠባብ ጉድጓድ አንድ በአንድ እየተሳቡ ወጡ። ይህ «ረስኪው» ነው፤ አንድ ሰው ሄዶ፣ ደክሞ፣ ሌላውን ከገባበት ያወጣል። «ሴቭ» ግን የሚያየው ውጤቱን ነው። ስለዚህ ሕይወቴን አተረፈልኝ ለማለት «ሴቭድ ማይ ላይፍ» ይባላል፤ እዚህ ላይ «ረስኪውድ» ለጆሮ ይጎረብጣል። «ሴቭ» ገንዘብ መቆጠብም፣ ኮምፒውተር ላይ ጽሑፍ ማስቀመጥም፣ ግብ ጠባቂ ኳስ ማዳንም ነው። ሐኪም ከወባ ሲያድን ግን «ኪዩር» ይግባ፦ «ኪዩርድ ሂም ኦፍ ማላሪያ»። «ፍሮም» አለመሆኑን ልብ ይበሉ።

አደጋው ገና ከሆነ አጠባበቁን ይመልከቱ። በር ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው ካለ «ጋርድ»፣ ጣሪያ ሥር ማስጠለል ከሆነ «ሼልተር» ይሆናል። እጅዎን ግንባርዎ ላይ አድርገው ዓይንዎን ከፀሐይ ሲከልሉ ደግሞ «ሺልድ»፤ መሃል የገባ ነገር አለና። ጥቃት ሲሰነዘር መመከት «ዲፌንድ» ነው፤ ሐሳብም የመመረቂያ ጽሑፍም በዚሁ ቃል ይሞገትላቸዋል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። እኛ «ጠበቃ» የምንለው ከመጠበቅ ስለመጣ፣ «ዲፌንዳንት» ሲሰሙ ጠበቃው የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። አሜሪካ ፍርድ ቤት ውስጥ «ዲፌንዳንት» ማለት ተከሳሹ ነው፤ የእሱ ጠበቃ «ዲፌንስ ሎየር» ይባላል። ለዘመዱ የሚያስተረጉም ሰው ይህን ካምታታ ቀልድ አይሆንም።

በመጨረሻ መስተዋድዱን ያስተካክሉ። አማርኛ በ«ከ» ብቻ ይወጣዋል። «ሴቭ» እና «ረስኪው» «ፍሮም»ን ይወስዳሉ፤ «ፕሮቴክት» «ፍሮም»ንም «አጌይንስት»ንም ይቀበላል፤ «ዲፌንድ» ይበልጡን ከ«አጌይንስት» ጋር ይሄዳል። «ጋርድ አጌይንስት» ሲባል ግን ትርጉሙ ይለወጣል፤ ስሕተትን ወይም ስርቆትን አስቀድሞ መጠንቀቅ ይሆናል።

አሁን ይህን ይሞክሩ፦ «ዘበኛው ልጁን ከውሻው አዳነው»። ውሻው ልጁን ነክሶ ይዞት ከነበረ «ረስኪውድ» ይበሉ። ገና ከሩቅ እያጉረመረመ ሳለ ዘበኛው መሃል ገብቶ ከሆነ «ፕሮቴክትድ»። የትኛው እንደነበር ካላዩ «ሴቭድ» ለሁለቱም ያስኬዳል።