ከክብደት መቀነሻ ኦፕራሲዮን በኋላ ሞራል እንዳይወድቅ ምን ይደረግ?

ኦፕራሲዮን በሠራሁ በአራተኛው ወር ጎንደር ፒያሳ ላይ ከባጃጅ ስወርድ የእናቴ ጎረቤት አዩኝ። ሃያ ስድስት ኪሎ ቀንሼ፣ አዲስ ቀሚስ ለብሼ፣ ራሴን ወድጄ ነበር የወጣሁት። «ውይ ልጄን! ምን አገኘሽ? ደረቅሽ'ኮ!» ብለው አቀፉኝና እንባቸው መጣ። ቤት ገብቼ ቀሚሱን አወለቅኩት።

ሞራል የሚገድለው ረሃብ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ ያኔ ነው። እኛ ጋ የወፈረ ሰው «ተመቸው» ይባላል። የከሳ ግን ወይ ታሟል ወይ ተቸግሯል። ስለዚህ ከሚዛኑ በፊት ሰዉን እንያዝ።

1. መልስ ይዛችሁ ውጡ

አንድ አጭር መልስ አዘጋጁና ሁሌም እሷኑ ድገሙ። የኔ «ሐኪም ቀንሺ ብሎኝ ነው፣ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ናት። ጨጓራዬ ተቆረጠ ምናምን ብሎ መዘርዘር አያስፈልግም። አንዴ ከጀመራችሁት ወሬው ከናንተ ቀድሞ አዘዞ ይገባል።

ጉርሻ ግን በቃል አይመለስም። ስሊቭ የሚባለውን የሠራ ሰው ከጨጓራው ወደ ሰማንያ በመቶ የሚጠጋው ወጥቶለታል፤ የቀረው እንደ ሙዝ ቀጠን ያለ ቱቦ ነው። አንድ ሠርግ ላይ አክስቴ «በሞቴ!» አሉኝ፣ እምቢ ማለት አቃተኝና ጎረስኩ። በዶሮ ወጥ በደንብ የተጠቀለለ ነው፣ የጎንደርን እጅ ታውቁታላችሁ። ደረቴ ላይ እንደ ድንጋይ ቆመ፣ ምራቄ ሞላ፣ ከድንኳኑ ጀርባ ሄጄ አስመለስኩ። ከዚያ ወዲህ እህቴ አጠገቤ ትቀመጣለች፤ እጅ ሲዘረጋ አፏን ከፍታ ትቀድመኛለች። እንዲህ ያለ አንድ ሰው ከቤተሰብ ፈልጉና ጉዳዩን ሁሉ ንገሩት።

2. ሚዛን በሳምንት አንዴ ይበቃል

አንድ ቀን ምረጡ፣ ጠዋት፣ ምንም ሳትቀምሱ። በሦስተኛው ሳምንት አካባቢ ብዙ ሰው ላይ ኪሎው ቀጥ ይላል፣ ሰውነት ውኃ ስለሚይዝ አንዳንዴ ከሳምንት በላይ ንቅንቅ አይልም። እኔማ ገንዘቤንም ጨጓራዬንም በከንቱ ያጣሁ መስሎኝ ነበር። ፈጥኖ የሚወርደው በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ነው፤ ከዚያ እየቀዘቀዘ ይሄድና ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ይቆማል። ኋላም ትንሽ ኪሎ ሊመለስ ይችላል።

ሌላ መለኪያም ይኑራችሁ። የኔ መንገድ ነው። ከፒያሳ እስከ ፋሲል መዋኛ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ መውረዱን ማንም ይወርደዋል፣ ፈተናው መመለሻው ላይ ነው። መጀመሪያ ስሞክረው አምስት ቦታ አረፍኩ፣ አንዱ ላይማ የሰው በረንዳ ላይ ተቀምጬ ውኃ ለምኜ። ዘንድሮ ጥር 10 ታቦት አጅቤ ወርጄ በእግሬ ስመለስ የቆምኩት አንዴ ብቻ ነው፣ እሱም ጫማዬን ላስር።

3. ፕሮቲኑ ይቅደም፣ ውኃው ለብቻው

በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን ነው የሚታዘዘው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ብቻ ነው፣ አስቡት። ስለዚህ መጀመሪያ እንቁላሉ፣ ዓሣው፣ እርጎው፤ ቦታ ከተረፈ እንጀራው። ጾም ሲመጣ ይከብዳል። በመጀመሪያዎቹ ወራት የንስሐ አባታችሁን አማክሩ፣ የታመመ ሰው እንዴት እንደሚያዝ ራሳቸው ይነግሯችኋል። ከዚያ በኋላ ምስር፣ ወፈር ያለ ሽሮ፣ የአኩሪ አተር ወተት አለላችሁ።

ውኃ ከምግብ ጋር አይጠጣም፤ ከበላችሁ በኋላ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። እኔ በሲኒ ነው የጀመርኩት። የቤታችን ሲኒ ሰባት ጊዜ ሲሞላ ግማሽ ሊትር ይሆናል፣ ስለዚህ ለአንድ ሊትር ተኩል 21 ሲኒ ማለት ነው። ጠዋት ጠረጴዛ ላይ 21 ሽምብራ እደረድራለሁ፣ አንድ ሲኒ በጨረስኩ ቁጥር አንዷን ኩባያ ውስጥ እጥላለሁ። ወንድሜ «ቁማር ጀመርሽ?» እያለ ስቆብኛል። ሞራል ባልነበረኝ ቀን ግን ሽምብራዎቹ ነበሩ።

4. ከቡናው ጋር የሚመጣውን ተጠንቀቁ

ጠላታችሁ ክትፎ አይደለም። ክትፎ ሦስተኛ ማንኪያ ላይ ራሱ ያስቆማችኋል። ጠላት ቆሎ ነው። እያወሩ ሲቆረጥም ጨጓራ ሞላሁ አይልም፣ ከአቦል እስከ በረካ ሁለት እፍኝ ያልቃል፣ ያውም በቀን ሁለቴ። ጣፋጭ መጠጥም እንዲሁ ሳይሰማ ይወርዳል። ከዓመት በኋላ ኪሎ ብዙ ጊዜ የሚመለሰው በዚህ በር ነው። ድርሻችሁን በአንድ ሲኒ ቀድታችሁ ሳህኑን ወደ ሌላው ሰው ግፉት።

5. ፀጉር

ከሦስተኛው ወር ጀምሮ ሊረግፍ ይችላል። ሹሩባ ስትፈቱ እጃችሁ ላይ የሚቀረውን አይታችሁ አትደንግጡ፤ ፕሮቲንና አይረን ካልጎደለ አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ይበቅላል።

6. ቀጠሮ አትዝለሉ

ኦፕራሲዮኑ አዲስ አበባ፣ ኑሮው ጎንደር ሲሆን ክትትል ይረሳል። እኔ ደሜን እዚሁ ተመርምሬ (ቢ12፣ አይረን፣ ቫይታሚን ዲ) ውጤቱን ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ለሐኪሜ እልካለሁ። ቫይታሚኑ የዕድሜ ልክ ነው፣ «አሁን ደህና ነኝ» ተብሎ አይተውም። ራሴን አመመኝ ብላችሁ ዲክሎፌናክ ወይ አይቡፕሮፌን ከፋርማሲ ዝም ብላችሁ አትግዙ፣ በተለይ ባይፓስ (ጨጓራን አሳንሶ ከአንጀት ጋር በአቋራጭ የሚያገናኘውን ኦፕራሲዮን) የሠራችሁ፣ ጨጓራ ያቆስላል። ማስመለስ አልቆም ካለ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ቀጥታ ሆስፒታል ሂዱ። ሐዘኑ ሳምንታት ከዘለቀ፣ እንቅልፍ ከጠፋ፣ ሰው ካስጠላችሁም አትደብቁት። እሱም ይታከማል፤ ለሐኪማችሁ እንደ ደም ውጤቱ እሱንም ንገሩት።